እጮኛ

ቃሉ «አጨ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨት የሁለት ቤተሰብ አባላት የሚዋዋሉት ጉዳይ ነበር። በኦሮምኛም እጮኛ «ካዺማ» ስትባል ከጀርባዋ ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ አለ። ኬ-1 የሚባለው የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ ግን ቤተሰብን አይጠይቅም፤ ከልዩ ሁኔታ በቀር፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ጥንዶቹ በአካል መተያየታቸውን ነው የሚፈልገው። በኢንተርኔት ተዋውቀው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እሱ አሜሪካ ሆኖ በቪዲዮ እያየ ቀለበት ቢታሰርላት፣ በቪዛው ሕግ ዓይን ገና አልተገናኙም። ይህን ሳያውቁ ደግሰው የሚጠብቁ ቤተሰቦች ያሳዝኑኛል። መጥቶ ይያት፤ የፓስፖርቱ ማኅተም፣ ትኬቱና አብረው የተነሱት ፎቶ ይቀመጥ። አመልካቹም የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ለእጮኛው ማመልከት አይችልም። ቪዛው ተሰጥቷት ከገባች በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግድ ነው።