የሩፔል ጥንብ አንሳ የክንፍ ላባ

የክንፍ ጫፍ የመብረሪያ ላባ፤ ኬራቲን
የወፉ መገኛ፦ ከሳሄል እስከ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ

ኅዳር 20 ቀን 1966 ዓ.ም. በኮትዲቯር፣ በአቢጃን ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይበር የነበረ አውሮፕላን ከአንድ ወፍ ጋር ተጋጨ። ሞተሩ ቢጎዳም አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። ከወፉ የተረፉት ጥቂት ላባዎች ለአሜሪካዊቷ የላባ መርማሪ ለሮክሲ ሌይቦርን ደረሱ፤ የሩፔል ጥንብ አንሳ መሆኑም ታወቀ። ከዚህ ከፍታ በላይ ሲበር የተመዘገበ ሌላ ወፍ የለም።

አየሩ በሳሳበት በዚያ ከፍታ ሰው ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ብዙም ሳይቆይ ራሱን ይስታል። የጥንብ አንሳው ደም ግን ኦክስጅንን አጥብቀው የሚይዙ የሄሞግሎቢን ዓይነቶች አሉት።

ላባውን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ከአገዳው ግራና ቀኝ የወጡት ቀጫጭን ዘንጎች በዓይን በማይታዩ መንጠቆዎች ተያይዘዋል፤ ሲላቀቁ ወፉ በመንቁሩ አበጥሮ እንደ ዚፕ መልሶ ይገጥማቸዋል። የላባው ጫፍ መጥበቡም ያለ ምክንያት አይደለም። ክንፉ ሲዘረጋ በላባዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱ በክንፉ ጫፍ የሚነሣውን የአየር ሽክርክሪት ስለሚያዳክም ወፉን ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ይቀንሳል። በዚህም ጥንብ አንሳው ወደ ላይ በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ ለረጅም ጊዜ ያንዣብባል።

ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ላጠናው ጀርመናዊ ለኤድዋርድ ሩፔል መታሰቢያ ነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ከዋነኞቹ ጠንቆች አንዱ ከብት ለሚበሉ አውሬዎች ተብሎ የሚጣል የተመረዘ ሥጋ ነው።