ቴምፑራ

ቴምፑራ፦ የባሕር ምግብ ወይም አትክልት በስስ ሊጥ ተነክሮ በብዙ ዘይት ሲጠበስ የሚሰጠው የጃፓን ስም። ቃሉ ግን ከውጭ የገባ ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1543 ጃፓን ከደረሱ በኋላ ከእነሱ እንደተወረሰ ይታመናል። አንዳንዶች ካቶሊኮች ከሥጋ የሚከለከሉባቸውን የጾም ቀናት ከሚጠራው «ቴምፖራ» ከሚል የላቲን ቃል ያመጡታል፤ ሌሎች ከፖርቱጋልኛው «ቴምፔሮ»፣ ማለትም ማጣፈጫ። «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚል ክርክር ለሰማ የእኛ አንባቢ የመጀመሪያው ሳይጥም አይቀርም።

ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረ ጊዜ ቴምፑራ በእንጨት ተሰክቶ መንገድ ዳር የሚሸጥ የተራ ሰው ምግብ ነበር። ዛሬ በደህና ቤቶች አብሳዩ ፊት ለፊትዎ ቆሞ አንድ በአንድ እየጠበሰ ያቀርባል፦ ሽሪምፕ፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ደበርጃን። ሊጡ በጣም በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል፤ ብዙ አይማሰልም፣ ከተማሰለ ይለጠጣል። ሳህኑ እስኪሞላ የሚጠብቅ እንግዳ ዋናውን ነገር፣ ኩርሽም ማለቱን፣ ያጣዋል። ማጥቀሻው ከአኩሪ አተር ስጎ የተዘጋጀ ቀጭን መረቅ ነው፤ የተፈቀፈቀ ነጭ ፍጅል ይጨመርበታል።

የተጠበሰ ሁሉ ቴምፑራ አይባልም። ዱቄት ወይም ስታርች ብቻ ተነስንሶበት የሚጠበሰው ዶሮ ካራአጌ ነው፤ በዳቦ ፍርፋሪ የተሸፈነው ፉራይ። በምዕራብ ጃፓን ደግሞ ተፈጭቶ የተጠበሰ ዓሣንም ቴምፑራ ይሉታልና፣ እዚያ ሲያዙ አይደናገሩ። ዋጋው ካስፈራዎት በምሳ ሰዓት ይግቡ፤ ውድ የሚባሉት ቤቶች ሳይቀሩ አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይቀንሳሉ።