የአያታችሁ ጠመንጃ ስንት ዓመቱ ነው?

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ስለ አሮጌ ጠመንጃ ነው። «ከዚያ ሁሉ መከራ ወጥተን መጥተን ደግሞ የምን የጠመንጃ ወሬ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን። የምናወራው ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ዘመን አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው ከእኛ መካከል ብዙዎቹ እዚህ አገር ሲገቡ የተወለዱበትን ቀን በትክክል ስለማያውቁ፣ በመታወቂያቸው በቴኡዳት ዜሁት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎላቸዋል። ልጆች ደግሞ በትምህርት ቤት «ሾራሺም» የሚባለው የቤተሰብ ታሪክ ሥራ ሲሰጣቸው ወደ አያታቸው ይመጡና «መቼ ተወለዱ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መርካዝ ክሊታ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት ለልጅ ልጃቸው የሰጡት መልስ «እኔ የተወለድሁት አባቴ ሰናድሩን ሸጦ ውጅግራ የገዛ ዓመት ነው» የሚል ነበር። ልጁ እርሳሱን ይዞ ቀረ። ይህን በዕብራይስጥ ምን ብሎ ይጻፈው?

የአዛውንቱ መልስ ግን ባዶ አልነበረም። በአገራችን የጠመንጃ ስም ሁሉ በውስጡ ዘመን ይዟል። ስሙን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ቢያንስ «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» ብሎ መናገር ይችላል።

ሰናድርን እንመልከት። ስሙ የመጣው ስናይደር ከሚባል አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ነው። የእንግሊዝ ጦር ይህን ጠመንጃ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር በ1868 መቅደላ ድረስ ዘምቶ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲዋጋ የያዘው እርሱን ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከሰናድር ጎን፣ ከቃታው በላይ ባለው ብረት ላይ፣ ዘውድና ዓመተ ምሕረት ተቀርጾ ይገኛል። አንዳንዱ ላይ 1862 የሚል ታያላችሁ። ጠመንጃው ሳይፈጠር እንዴት ዓመቱ ተጻፈበት? ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ከአፉ በዘንግ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃቸውን አልጣሉትም። ከኋላው ቆርጠው በጎን የሚከፈት መዝጊያ ገጠሙለትና ሰናድር አደረጉት። ስለዚህ አንዱ ጠመንጃ ሁለት ልደት አለው ማለት ነው፤ ጎኑ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ነው።

ረሚንግተን ደግሞ በሌላ በር ገባ። የግብፅ ጦር ይህን የአሜሪካ ጠመንጃ ታጥቆ ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ፤ በኅዳር 1875 በጉንደት፣ በመጋቢት 1876 በጉራዕ በአፄ ዮሐንስ ተመታና ብዙ መሣሪያ ጥሎ ሄደ። በረሚንግተን ብረት ላይ የ1860ዎቹ ቀኖች ተደርድረው ታያላችሁ፤ እነዚያ ግን ጠመንጃው የተሠራባቸው ቀኖች አይደሉም። የፈጠራ መብቱ የተሰጠባቸው ናቸው። ከሁሉ የመጨረሻውን ቀን ውሰዱና ጠመንጃው ከዚያ በኋላ ተሠራ በሉ፤ ከዚህ በላይ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ውጅግራ እንመለስ፤ አዛውንቱም የጠሩት እርሱን ነው፤ በየቤቱም የሚታወቀው እርሱ ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ግራ የፈጠረው መኮንን ስም ነው። የእኛ ሰው ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ውጅግራ አለው። ሞዴሉ የ1874 ነው፤ አፉ 11 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ አንድ ጎራሽ ስለሆነ በተኮሱ ቁጥር ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ማጉረስ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በ1886 ለበል የሚባለውንና ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጠቀመውን አዲስ ጠመንጃ ስታወጣ፣ ውጅግራ ከሠራዊቷ እጅ ወጥቶ የነጋዴ ዕቃ ሆነ። በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል ለምኒልክ የገባው ብዙው ውጅግራ የዚያ ዘመን ነው። (በነገራችን ላይ፣ ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ የመጣ ሰው ነው። እርሱ ያመጣው ግን ከውጅግራ የባሰ ያረጀ ነበር።)

በውጅግራ ላይ ሁለት ዓመት ይገኛል። መዝጊያው በሚገባበት ብረት ግራ ጎን የፋብሪካው ስም፣ ብዙ ጊዜ ቅዱስ ኤትየን፣ ከነሞዴሉ 1874 ተጽፏል። ይህ በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ የዓይነቱ ስም እንጂ የዚያ የአንዱ ጠመንጃ ዕድሜ አይደለም። ዕድሜውን የሚናገረው በረጅሙ ብረት ላይ፣ ከመዝጊያው አጠገብ፣ በትንሹ የተመታው ዓመት ነው፤ 1876 ወይም 1879 ወይም ሌላ ሊል ይችላል። ብዙ ሰው ትልቁን ጽሕፈት ያነብና ትንሹን ያልፈዋል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ስሕተት ግን የምንሠራው እኛው ነን። የአድዋ ጦርነት የተደረገው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 መሆኑ ነው። እንግዲህ በአድዋ የተማረከ፣ ወተርሊ የሚባል የኢጣሊያ ጠመንጃ ላይ 1888 የሚል ተጽፎ ያየ ሰው «ይኸው የአድዋ ዓመት ተጽፎበታል!» ብሎ ይምላል። ፈረንጅ የጻፈው የፈረንጅን ዓመት ነው፤ በእኛ 1880 ወይም 1881 መሆኑ ነው። ጠመንጃው ከተሠራ ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው አድዋ የዋለ። ስለዚህ በብረት ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር ለልጅ ከመንገራችሁ በፊት የማን አቆጣጠር እንደሆነ አስቡ።

ኢጣሊያ ሁለተኛ ጊዜ በመጣችበት ዘመን የተማረከ ጠመንጃ ደግሞ ለማወቅ ቀላል ነው። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ስለነበር፣ ብዙ ጊዜ ከዓመቱ አጠገብ በሮማውያን ቁጥር ሌላ ቁጥር ተመትቶበታል። 1936 ካለ በኋላ በሮማውያን ቁጥር 14 ካለ፣ ያ ጠመንጃ ወራሪው ጎንደር በገባበት ዓመት የተሠራ ነው። ቤልጅግ እንደ ስሙ ከቤልጅግ የመጣ ነው፤ ኤርስታል ከሚባለው ከተማ የመጣውን የሠራው ፋብሪካ የተቋቋመው በ1889 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ የአዛውንቱን ዕድሜ አገኘን ወይ? አላገኘንም። ውጅግራ ከ1874 በኋላ መሠራቱን አወቅን፤ ገበያ ላይ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል፤ ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው ሁለተኛው ጦርነት ጊዜም ውጅግራ ይዞ የዘመተ ብዙ ነው። ስለዚህ ሌላ ምልክት ጠየቅናቸው። ኢጣሊያ ጎንደር ሲገባ ጥጃ ጠባቂ እንደነበሩ ነገሩን። ጎንደር የተያዘችው በሚያዝያ 1936 መጀመሪያ ነው። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እንግዲህ በ1929 አካባቢ ተወለዱ ማለት ነው። ጠመንጃው ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላ ነገር ጋር ሲታሰር ግን ያግዛል።

የጠመንጃ ታሪክ ከፋብሪካው ከወጣ በኋላም ይቀጥላል፤ ለእኛም ይበልጥ የሚነካን ይህኛው ነው። ምላጩ ሲሰበር፣ ምንጩ ሲደክም፣ መርፌው ሲደንዝ ቅዱስ ኤትየን ድረስ አይላክም ነበር። የሚወሰደው ቀጥቃጭ ቤት ነው፤ በጎንደርና በአካባቢው ደግሞ ቀጥቃጩ ብዙ ጊዜ ቤተ እስራኤል ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን የሚሠራ ያው ሰው በወናፉ፣ በጉጠቱና በሞረዱ የፈረንጅ ፋብሪካ በመኪና ያወጣውን ብረት በዓይኑ ለክቶ ይተካል። ባለ ጠመንጃው ቀን መጥቶ ይለምነዋል፤ ሲመሽ «ቡዳ» ይለዋል። ይህን ከእናንተ ውስጥ በጆሮው የሰማ አለ፤ እኛ ልናስረዳው አያስፈልግም። እዚህ ላይ መናገር የምንፈልገው ፋብሪካው በጠመንጃው ላይ ስሙን እንደጻፈ፣ ጠጋኙ ግን ስሙን እንዳልጻፈ ነው። ምልክቱ ሥራው ብቻ ነው።

ይህ ነገር ዛሬ የሚያሳስበን ለምንድን ነው? ከ2010ሮቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ ውጅግራም፣ ወተርሊም፣ ቤልጅግም አሉባቸው። ከሰብሳቢዎቹ አንዳንዱ «አድሳለሁ» ብሎ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ዓመቱ አብሮ ይጠፋል። ሰደፉ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ቆርጦ ጥሎ በአዲስ እንጨት ይተካዋል። ጠመንጃው ያምራል፤ ታሪኩ ግን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገባ።

ሥራውን የሚያውቁት የሚያደርጉት ሌላ ነው። ከሁሉ በፊት ጥይት ጎርሶ እንዳልቀረ በባለሙያ ያስመረምራሉ። ዝገቱን በዘይት አርሰው፣ ጊዜ ሰጥተው፣ በሻካራ ጨርቅ ቀስ ብለው ያነሡታል፤ ጽሕፈት ባለበት ቦታ ላይ ሞረድ አያስነኩም። የደረቀውን እንጨት የተልባ ዘይት ያጠጡታል። ተልባ ስንል እናንተ የምታውቁት ተልባ ነው፤ የአውሮፓ ፋብሪካዎችም የጠመንጃ እንጨት ሲያለሰልሱበት የኖሩት እርሱኑ ነው። ጠፍሩን ግን አይነኩትም። እርጥብ ቆዳ በተሰነጠቀ ሰደፍ ላይ ተጠምጥሞ ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ብረት ቀለበት ያጠብቀዋል፤ ከዚያ የተሻለ ጥገና በዚያ አገር አልነበረም። ተኩሶ መሞከርንም አያስቡትም። ውጅግራ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለሆነ የዛሬ ባሩድ ቢገባበት ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ጠመንጃ ቤት ማስቀመጥ ክልክል ስለሆነ፣ አሮጌ ነው ብላችሁ ከገበያ አንሥታችሁ እንዳትገቡ። ብዙዎቻችሁም ያላችሁን ለመንገድ ስንቅ ሸጣችሁ ነው የመጣችሁት፤ ያላችሁ ስሙ ብቻ ነው። ስሙን ግን ልጆቹ ይጻፉት። ሽማግሌውን ሲጠይቁ «ጠመንጃ ነበራችሁ?» ብለው አይተዉት። ሰናድር ነው ውጅግራ፣ አንድ ጎራሽ ነው አምስት ጎራሽ፣ ከማን ተገዛ፣ በስንት ብር ወይም በስንት ላም፣ ምኑ ተሰብሮ ነበር፣ ማን ጠገነው እያሉ ይጠይቁ።

እኛም አዛውንቱን ይህንኑ ጠየቅናቸው። የአባታቸው ውጅግራ ኢጣሊያ ከወጣ በኋላ ከገደል ወድቆ ሰደፉ እንደተሰነጠቀና በጠፍር እንደታሰረ አጫወቱን። «ማን አሰረው?» አልናቸው።

«አባቴ ነዋ» አሉ። «ቆዳውን ውኃ ውስጥ ነክሬ ያቀበልሁት እኔ ነኝ።»

ልጁ ይህን ጻፈ።