«ሲስተም የለም» ሲባል፦ በሩቅ ጣቢያዎች የመጠባበቂያ ኃይልና የኔትወርክ መሣሪያዎች ክትትል

ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ለሰዓታት በመጓዝ ወረዳ ከተማ የደረሰ ተገልጋይ በመስኮቱ በኩል «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ሲሰጠው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ገጽ ከዚህ መልስ በስተጀርባ ያሉት መሣሪያዎች በርቀት እንዴት ክትትል እንደሚደረግባቸውና ተገልጋዮች ምን ሊጠይቁ እንደሚችሉ ያስረዳል።

የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር የሚያገናኘው ወረዳኔት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መዘርጋት ሲጀምር፣ በርካታ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት አንቴና ነበር። ግንኙነቱ በሳተላይት፣ በፋይበር ወይም በማይክሮዌቭ ማማ ቢሆንም፣ የጣቢያው የኃይል አቅርቦት በአብዛኛው ተመሳሳይ ቅደም ተከተል አለው፦ ዋናው መስመር፣ ባትሪ፣ ከዚያም ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ፓነል። መብራት በጠፋበት ቅጽበት ጭነቱን የሚሸከመው ባትሪው ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባትሪው ካልያዘ ራውተሩ ይጠፋል፤ ተመልሶ ሥራ እስኪጀምርም ደቂቃዎች ይወስዳል።

ባትሪው ለምን ያታልላል?

በቴሌኮም ጣቢያዎች የተለመደው የባትሪ ሥርዓት 48 ቮልት ነው። ሞልቶ ቻርጅ ላይ ሲቆይ 54 ቮልት ገደማ ያሳያል። ችግሩ፣ ያረጀ ባትሪም ቻርጅ ላይ እስካለ ድረስ ይህንኑ ቁጥር ሊያሳይ መቻሉ ነው። ለምሳሌ 200 አምፔር-ሰዓት አቅም ያለው ባትሪ 20 አምፔር ለሚስቡ መሣሪያዎች በስሌት 10 ሰዓት ይበቃል። አቅሙ በግማሽ ከወረደ 5 ሰዓት እንኳ ላይቆይ ይችላል፤ በቮልት መለኪያው ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። ጉድለቱ የሚገለጠው መብራት በጠፋ ዕለት፣ ተገልጋዩ ተሰልፎ ሳለ ነው። ስለሆነም ቮልት ማንበብ ብቻውን ክትትል ሊባል አይገባም። ባትሪው ጭነት ተሸክሞ ምን ያህል እንደሚቆይ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። አቅሙ ከመጀመሪያው 80 በመቶ በታች የወረደ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ እንዲተካ ይመከራል።

ሙቀት ሌላው የባትሪ ጠላት ነው። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለ10 ዓመት የተሠራ ባትሪ ያለማቋረጥ በ35 ዲግሪ ከቆየ 5 ዓመት፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ 2 ዓመት ተኩል ያህል ያገለግላል ማለት ነው። ለአፋርና ለሶማሌ ቆላማ አካባቢዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የክፍሉን ሙቀት የሚለካ አነስተኛ ሴንሰር ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጄኔሬተርን በተመለከተ ዋናው ጥያቄ «ሲፈለግ ይነሣል ወይ?» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ እንዳይነሣ የሚያደርገው የሞተሩ ብልሽት ሳይሆን የማስነሻ ባትሪው መድከም ነው። የነዳጅ መጠን የሚለካ ሴንሰርም ሁለት ጥቅም አለው፤ ነዳጁ ከማለቁ በፊት ያስጠነቅቃል፣ ጄኔሬተሩ ሳይሠራ ነዳጁ ከቀነሰ ደግሞ መፍሰሱን ወይም መሰረቁን ይጠቁማል።

ዝምታን ማንበብ

የቁጥጥር ማዕከሉ በየጥቂት ደቂቃው የጣቢያውን መሣሪያዎች ይጠይቃል፤ መሣሪያዎቹም ይመልሳሉ። መልስ ሲቋረጥ ከዝምታው በፊት የመጣው መልእክት ወሳኝ ነው። በቅድሚያ «ዋናው መስመር ጠፍቷል»፣ ቀጥሎ «ባትሪ ዝቅ ብሏል» የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶ ከሆነ የሚላከው ባለሙያ ነዳጅ ወይም ባትሪ ይዞ ይሄዳል። ያለ ምንም የኃይል ማስጠንቀቂያ በድንገት ከተቋረጠ ግን ምናልባት በመንገድ ቁፋሮ የተቆረጠ ፋይበር ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድሞ መለየት የአንድ ቀን ምልልስ ያስቀራል። ማስጠንቀቂያው በዚያው በሚቋረጠው መስመር ብቻ የሚላክ ከሆነ ግን ከመስመሩ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በሞባይል አጭር መልእክት የሚልክ ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይችላሉ?

«ሲስተም የለም» ሲባሉ የተቋረጠው ኃይል ነው ወይስ ግንኙነት፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተቋረጠና ለሚመለከተው ክፍል ሪፖርት መደረጉን ይጠይቁ። ከሩቅ የመጡ ከሆነ ይህንኑ ገልጸው ቀጠሮ እንዲያዝልዎትና ከመምጣትዎ በፊት የሚደውሉበት ስልክ እንዲሰጥዎት ያመልክቱ። በአካባቢዎ መብራት ከተቋረጠ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905፣ የስልክ ወይም የኢንተርኔት ግንኙነት ብቻ ከሆነ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ማሳወቅ ይቻላል፤ የተቋረጠበትን ሰዓት መያዝዎ ምርመራውን ያግዛል።

በቢሮ ውስጥ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ወይም ውኃ ለማፍላት የዩፒኤስ ሶኬት መጠቀም የተለመደ ሆኗል፤ ለሠራተኞችም ጭምር የሚነገር ነው። አንድ የውኃ ማፍያ ራውተሩን ለሰዓታት ሊያቆይ የሚችለውን ኃይል በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።