ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አንድ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። አየር ላይ የቆየው 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ፣ የበረረው 12,082 ኪሎ ሜትር ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች ጄት ያን ያህል ርቆ በርሮ አያውቅም፤ ክብረ ወሰኑም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስም ተያዘ።

በዚያ ዘመን ውቅያኖስ ማቋረጥ በአብዛኛው የባለ ሦስትና የባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ሥራ ነበር። አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው አንድ ብቻ እስከ የት ይደረሳል የሚለው ስጋት ስላልለቀቀ፣ ባለ ሁለት ሞተሮቹ ከማረፊያ ሜዳ ብዙ እንዳይርቁ ደንብ ያስራቸው ነበር። 

ልብ በሉ፤ በረራው ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ አልነበረም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው። ሰዓቱ ግን ለየቅል ነው። ከዋሽንግተን የሚነሳው በ13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ የሚነሳው ግን ለዓመታት በሮም፣ በኋላም በደብሊን እያረፈ ነው የሄደው። መንገደኛው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ እንቅልፉ ሳይለቀው፣ ነዳጅ እስኪቀዳ ይጠብቃል።

ምክንያቱ የከተማችን ከፍታ ነው። ቦሌ የተሠራው የቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ጄት ማስተናገድ ስለማይችል ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. የመጡትን ቦይንግ 720ዎች የተቀበለውም እሱ ነው። ሜዳው ቢረዝምም ከፍታው አልቀረለትም፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉን የሚያነሳው አየር ያንሳል፤ ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚቀንስ ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ይበልጥ መፍጠን፣ ለመፍጠንም ይበልጥ መንደርደር አለበት። ሜዳው ማለቂያ አለው፤ ጎማውም የሚችለው ፍጥነት ተለክቷል። በዚያ ላይ አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ በተራራ የተከበበች ናት። የሌሊቱ ቅዝቃዜ አየሩን ጠጠር ስለሚያደርገው ጥቂት ያግዛል። ቢሆንም ክብደት መቀነስ አለበት። መንገደኛውንና ሻንጣውን ላለመተው የሚቀነሰው ነዳጁ ነው፤ የጎደለው መንገድ ላይ ይሞላል።

የዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። የ1976ቱ አውሮፕላን ታንኩን ሞልቶ የተነሳው ከዚያ ነው፤ በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስም በዚያ አቅጣጫ የሚበርን ከኋላው ይገፋል። ይህ የአብራሪዎቹን ሥራ አያሳንስም። ለ13 ሰዓት ነዳጅ እየለኩ፣ ያኔ ማንም ባልሞከረው ርቀት ሁለት ሞተር አምኖ መብረር ቀላል አልነበረም። ይህ በረራ በአገራችን ከሚገባው በታች መታወሱ ያስቆጨኛል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሥራ ሲጀምር አውሮፕላኖች ከዛሬው የበለጠ ነዳጅ ጭነው ሊነሱ ይችላሉ። ነፋሱ ግን አይለወጥም፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ከተመላሹ መዘግየቱ አይቀርም።