የጎንደር የሐር መጋረጃዎችና ሰብሳቢዎቻቸው

በየካቲት ወር 1933 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ሃያ አንድ ወራት ያህል የፈጀውን ጉዞውን በጅቡቲ ከተማ ፈጸመ። ማርሴል ግሪዮል የመራው ይህ ቡድን ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋረጠ ሲሆን፣ መጠሪያውንም ያገኘው ከሁለቱ ወደቦች ነው፤ የዳካር–ጅቡቲ ልዑክ ይባላል። በጉዞው ከሦስት ሺህ በላይ ቁሳቁሶችን ሰብስቧል። ከእነዚህም መካከል በጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩ፣ በጨርቅ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ይገኙበታል። ሥዕሎቹ ከግድግዳው ተላቀው ሲወሰዱ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ልዊ ሩ የሣላቸው ግልባጮች ተተኩ። ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው።

የልዑኩ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን በ1934 ሲያሳትም፣ በጉዞው ላይ ቅርስ በግፊት አልፎ አልፎም በስርቆት ይወሰድ እንደነበር አልሸሸገም። ይሁን እንጂ ልዑኩ ከቀደሙት ሰብሳቢዎች የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። ለሚሰበሰበው ዕቃ ካርድ ይሞላ ነበር፤ የዕቃው የአገር ቤት ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ የሚሰጠው አገልግሎት ይጻፍ ነበር። ለዚህም በጎንደር እንደ አባ ጀሮም ያሉ የቋንቋና የባህል አዋቂዎች ድካም ታክሎበታል። የአስተርጓሚ ሥራ ሆኖ ከግሪዮልና ከሌሪስ ስም ጋር እኩል ሲነሣ አይሰማም እንጂ፣ ያለ እሱ ካርዶቹ ባዶ ወረቀት በሆኑ ነበር።

ከዚያ 65 ዓመት ቀደም ብሎ ከዚያው ከጎንደር ዘመን ቅርስ ውስጥ የወጡት የሐር መጋረጃዎች ግን እንዲህ ያለ ካርድ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ ካፈራቻቸው የሽመና ሥራዎች ሁሉ በውጭው ዓለም የበለጠ የታወቁት እነዚህ መጋረጃዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንደኛው በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሁለተኛው በካናዳ ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። የቶሮንቶው ቁመቱ ከአምስት ሜትር ይበልጣል። አገልግሎታቸው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ ሕዝቡ ከሚቆምበት ክፍል መቅደሱን ይጋርዱ ነበር።

አሠራራቸው ከተለመደው የሸማ ሥራ የተለየ ነው። የአገራችን ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ መወርወሪያውንም ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሳል። መጋረጃዎቹ ግን የተሸመኑት በሰሌዳ ነው። በየማዕዘኗ ቀዳዳ ባላት አነስተኛ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ውስጥ የድሩ ክሮች ያልፋሉ፤ ሸማኔው ሰሌዳዎቹን ባዞራቸው ቁጥር ክሮቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፣ ማጉም በመካከላቸው ይገባል። በሌላው ዓለም ይህ ዘዴ በአብዛኛው ጠባብ መቀነትና ጠርዝ ለመሥራት የሚያገለግል ነው። በዚህ ዘዴ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚያህል ነገር ለመሥራት የተነሣ ሰው ብዙ ሰሌዳ፣ ብዙ ረዳትና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልገው ነበር። ሐሩም ከባሕር ማዶ በንግድ የመጣ ነው። በመሆኑም ወጪው ከቤተ መንግሥት በቀር ማንም የሚችለው አይመስልም። በለንደኑ መጋረጃ ላይ ከመስቀሎቹ ጋር ዘውድ የደፉ ሰዎችና ጠመንጃ የያዙ አጃቢዎች ተሸምነዋል፤ አጥኚዎች አፄ በካፋን፣ እቴጌ ምንትዋብንና ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን የሚያመለክት ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ።

በ1769 አፄ ኢዮአስ ተገድለው ዘመነ መሳፍንት ሲገባ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያዝና የሚከፍል ቤተ መንግሥት ጠፋ። ሙያው የተረሳውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ወደ መቅደላ አጋዙት። በሚያዝያ 1868 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን መዝብሮ ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም በጨረታ ሸጠው። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። መጋረጃውም በዚያው ዓመት ሙዚየሙ ገባ። ማን ሸመነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቢጠየቅስ በዚያ ጨረታ ላይ ማን ይመልስ ነበር?

በእርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በገዢዎቹ ላይ መጫን አይገባም። በጎንደር ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤላውያን ሙያ ነበር፤ ባለሙያው ሥራው እየተፈለገ ራሱ የሚናቅበት አገር ነበር። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ነገሥታቱ ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጡትን ስጦታ ሲዘረዝሩ የሸማኔውን ስም ማንሣት አልተለመደላቸውም። አፄ ምኒልክ በ1908 ሸማኔንና ብረት ቀጥቃጭን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

ስም አልባነት የጎንደር ሸማኔ ዕጣ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ የናቫሆ ሴቶች የሸመኗቸው የቆዩ የሱፍ ጋቢዎችና ምንጣፎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ውድ ናቸው። ሰብሳቢዎቹ ሲጠሯቸው ግን ወይ «የአለቃ ጋቢ» ይላሉ፣ ወይም እንደ ጋናዶ ባሉ የንግድ ጣቢያዎች ስም ይለዩዋቸዋል፤ የሸማኔዋ ስም በአብዛኛው የለም። ልዩነቱ ሌላ ነው። በ1878 በጋናዶ ሱቁን የያዘው ነጋዴ ሎሬንዞ ሀብል የቆዩ ንድፎችን በሥዕል አሠርቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅል ነበር፤ ሸማኔዎቹም እያዩ ይሠሩ ነበር። ነጋዴው የራሱን ትርፍ ፈልጎ ነው፤ ቢሆንም ገበያው ስለቀጠለ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ተላልፏል። የጎንደሩ የሰሌዳ ሽመና ይህን ዕድል አላገኘም፤ ሰብሳቢው የደረሰው አዛዡ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

የዳካር–ጅቡቲ ልዑክ ስብስብ በ2025 በፓሪስ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ለዕይታ ሲቀርብ አፍሪካውያንና ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የቆዩትን ካርዶች መልሰው መርምረዋል፤ ዕቃው ከማን እጅ፣ በምን ሁኔታ እንደተወሰደ ጠይቀዋል። ለመጋረጃዎቹ የሚመረመር ካርድ ስለሌለ ማስረጃው ጨርቁ ራሱ ሆኗል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማይክል ጀርቨርስ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ከክሩ አጠማዘዝና ከንድፉ የተነሣ ነው። የዚሁ ዓይነት ሥራ የሆነ ሌላ መጋረጃ ደግሞ ሰብሳቢ ሳይነካው በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም፣ በመነኮሳቱ ጥበቃ ሥር ተገኝቷል።