ግሉኮስ ሲሰደር፦ የስታርች አወቃቀርና ተግባር በዕፅዋት

በጤፍ ጭድ ውስጥ ያለው ሴሉሎስም ሆነ በፍሬው የተከማቸው ስታርች የተሠሩት ከግሉኮስ ነው። ሆኖም ጭዱ ለሰው ምግብ አይሆንም፤ በሬውም ቢሆን የሚጠቀምበት በሆዱ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን እያፈራረሱለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ግሉኮሶቹ የሚያያዙበት አቅጣጫ ነው። በሴሉሎስ ያለው ቤታ ትስስር ሰንሰለቱን ቀጥ ያደርገዋል፤ በስታርች ያለው አልፋ ትስስር ግን ይጠመዝዘዋል። የስታርች ጠባይ ሁሉ ከዚህ አሰዳደር ይመነጫል ብዬ አምናለሁ።

ስታርች ሁለት ሞለኪውሎች አሉት። አሚሎስ ቅርንጫፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ በተለመዱት እህሎች ከስታርቹ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይይዛል። የቀረው ቅርንጫፈ ብዙው አሚሎፔክቲን ነው። ጎረቤት ቅርንጫፎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይገመዱና ጥብቅ የክሪስታል ንጣፍ ይሠራሉ፤ መገንጠያዎቹ ያሉበት ንጣፍ ግን ልል ነው። ጥብቁና ልሉ በየ9 ናኖሜትሩ ገደማ ይፈራረቃሉ። የድንች ቅንጣት እስከ 100 ማይክሮሜትር ሲደርስ የጤፍ ከ2 እስከ 6 ብቻ ነው፤ የንጣፎቹ ርቀት ግን በሁለቱም ያው ነው።

ተክሉ ስኳሩን እንደሟሟ ቢያከማቸው ሕዋሱ ውሃ እየሳበ ይወጠር ነበር። ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ ስለማይሟሟ ከዚህ ጣጣ ያድነዋል። ቅጠልም ቀን የሠራውን ስታርች ለሌሊት ስንቅ ይይዛል። ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚያጠኑት የጎመን ዘር የሆነው አራቢዶፕሲስ ይህን ስንቅ ሌሊቱን ሙሉ በእኩል ፍጥነት እያፈረሰ፣ ሊነጋ ሲል ይጨርሰዋል። ጨለማው ከወትሮው ቀድሞ ቢመጣበት እንኳ ፍጥነቱን ቀንሶ እስኪነጋ ያብቃቃዋል። አንጎል የሌለው ፍጥረት እንዲህ ማስላቱ ዘወትር ይደንቀኛል።

ማፍረሱ ግን ቀላል አይደለም፤ ኢንዛይም ጥብቁን ንጣፍ በቀላሉ አይደፍርም። ስለዚህ ተክሉ አስቀድሞ በቅንጣቱ ገጽ ላይ ፎስፌት እየለጠፈ ግማዱን ያላላል።

ወጥ ቤት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሙቀት ነው። ጋጋሪዋ ከቦካው ሊጥ ላይ የጠለለውን ውሃ ትደፋለች፤ ከሊጡ ጥቂት ጨልፋ በውሃ ታቀጥንና እሳት ላይ እያማሰለች አብሲት ትጥላለች። ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ የጤፉ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ክሪስታሉ ይፈርሳል፣ አሚሎሱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ቀጭኑ ሊጥ ድንገት ይወፍራል። በርዶ ከቀሪው ሊጥ ጋር ሲዋሃድ ያ ውፍረት የመቡካቱን አየር አፍኖ ይይዛል። ሊጡ ኩፍ ማለቱም፣ እንጀራው ዓይን ማውጣቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

እንጀራው ከበረደ በኋላ የተፈቱት ሰንሰለቶች እንደገና መሰደር ይጀምራሉ፤ አሚሎስ በሰዓታት፣ አሚሎፔክቲን በቀናት። እንጀራ እያደር የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም፤ ተሸፍኖ በመሶብ ቢቀመጥም ይህ መሰደር አይቀርም። የጤፍ ስታርች ከበቆሎው ይልቅ ዝግ ብሎ ይሰደራል፤ የጤፍ እንጀራ ለስላሳነቱን ይዞ እንዲያድር ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል።